በልደት ወደ ቤት ስንመለስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላትና ምእመናን፣ ኅዳር 15 ቀን የጀመርነው ጾመ ነቢያት ወደ ፍጻሜው ቀርቧል። ስብከትና ብርሃን አልፈው ኖላዊ ላይ ደርሰናል። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ የጌታችንን፣ የአምላካችንንና የመድኃኒታችንን የኢየሱስ ክርስቶስን ልደት እናከብራለን። በዚህ ሰሞን ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ መንገድ ነው። ተማሪዎች የፈተናውን ቀን ከጉዞው ቀን ጋር እናስተያያለን፤ ሠራተኞች ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ወላጆችም ስልክ እየደወሉ «ዘንድሮስ ትመጣለህ ወይ?» ይላሉ። እኔም ከምማርበት ከጅማ ተነሥቼ፣ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ወላጆቼ ወዳሉበት የገጠር ቀበሌ ለመሄድ እየተዘጋጀሁ ነው። ስለዚህ መመለስ ጥቂት ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ያደጉ ልጆች ለልደት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ምን ይዘው ይመለሳሉ? ምን ሊያደርጉስ ይመለሳሉ?

ቤተ ልሔም፣ የተመላሾች ከተማ

ቅዱስ ሉቃስ የጌታን ልደት ሲጽፍ የሚጀምረው ከጉዞ ነው። አውግስጦስ ቄሳር ሕዝቡ ሁሉ እንዲቆጠር አዘዘ፤ ሰውም ሁሉ እያንዳንዱ ወደየከተማው ሄደ። አረጋዊው ዮሴፍም ከዳዊት ቤትና ወገን ነበርና ከገሊላ፣ ከናዝሬት ተነሥቶ፣ ከእመቤታችን ከቅድስት ድንግል ማርያም ጋር ወደ ቤተ ልሔም ወጣ (ሉቃ. 2፥1-5)። እንግዲህ በዚያ ሰሞን በቤተ ልሔም የነበረው እንግዳ ሁሉ ሩቅ ሰው አልነበረም። ብዙው እንደ ዮሴፍ የአባቶቹን ከተማ ፍለጋ የመጣ፣ የትውልዱ ሐረግ ወደዚያች ከተማ የሚመዘዝ ተመላሽ ነበር ብለን ብናስብ ከቃሉ አንርቅም።

ነገር ግን ዘመድ በሞላበት ከተማ ለእመቤታችን ማደሪያ ታጣ። ልጇንም በመጠቅለያ ጠቅልላ በግርግም አስተኛችው (ሉቃ. 2፥7)። ቤቶቹ ሁሉ ሞልተው ነበር፤ የሞሏቸው ግን ጠላቶች አልነበሩም። እያንዳንዱ ለራሱ የሚያርፍበትን ስፍራ ቀድሞ ይዞ ነበር እንጂ። አበው እንዳስተማሩን እንስሳቱ ትንፋሻቸውን ለገሱት፤ ሰዎቹ ግን ስፍራ አልለቀቁለትም።

ይህን በየዓመቱ እንሰማዋለን፤ በቤተ ልሔም ሰዎችም እናዝናለን። ወገኖቼ፣ እኛስ ለልደት ቤታችን ስንደርስ የምናደርገው ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ እንደዚያ ዘመን ተመላሾች ነን። እንደርሳለን፤ ሞቅ ያለውን ስፍራ እንይዛለን፤ ይቀርብልናል፤ እንበላለን፤ እንተኛለን፤ እንመለሳለን። በመካከሉ ስፍራ ያጣ ሰው በቤታችን ውስጥ ይኖራል። እናት ትሆናለች፤ የተጣላ ወንድም ይሆናል፤ ወይም ደግሞ መምጣት ፈልጎ ያፈረ ልጅ ይሆናል።

ባዶ እጅ የተመለሰችው ኑኃሚን

ቤተ ልሔም ተመላሽ ያየችው በዮሴፍ ዘመን ብቻ አይደለም። ከዚያ ብዙ ዘመን ቀደም ብሎ፣ መሳፍንት ይፈርዱ በነበረበት ጊዜ፣ ኑኃሚን የምትባል ሴት በረኃብ ምክንያት ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ከቤተ ልሔም ወደ ሞዓብ ተሰደደች። በዚያ አሥር ዓመት ያህል ተቀመጡ። ባሏ ሞተ፤ ልጆቿም ሞቱ። ከምራቷ ከሩት ጋር በገብስ መከር መጀመሪያ ወደ አገሯ ስትመለስ ከተማው ሁሉ ስለ እርሷ ተነጋገረ። እርሷ ግን ስትወጣ ሙሉ እንደ ነበረች፣ ስትገባ ባዶ እንደ ሆነች ተናገረች፤ በስሟም ሊጠሯት አልወደደችም (ሩት 1፥19-22)።

በዘመናችን ስንት ኑኃሚን አለ! በምረቃ ቀን ሰፈሩ ሁሉ እልል ብሎለት የወጣ ወጣት ሥራ ሳያገኝ ሁለትና ሦስት ዓመት ያልፋል። ለእናቱ ሻማ ቀሚስ፣ ለአባቱ ጋቢ፣ ለታናናሾቹ ጫማ ሳይዝ መግባት ሞት ይመስለዋል። «ባዶ እጄን ምን ብዬ እሄዳለሁ?» ይላል። ስለዚህ ይቀራል። ሥራ በዛብኝ ይላል፤ መንገዱ ያስፈራል ይላል፤ በኋላም ስልክ ማንሣት ያቆማል። ወላጆች ደግሞ ረሳን ብለው ያዝናሉ። እርሱ በኀፍረት፣ እነርሱም በኀዘን ተለያይተው በዓላት ያልፋሉ።

ይህ በእኛ ቤት ደርሷል። የምጽፈውም ወንድሜን አስፈቅጄ ነው፤ «ለአንድ ሰው ከጠቀመ ጻፈው» ብሎኛል።

አባቴ ገበሬ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ከሁለቱ የእርሻ በሬዎቹ አንዱን ሸጦ ለታላቅ ወንድሜ መቋቋሚያ ሰጠው። ወንድሜም አዲስ አበባ ገብቶ ከአንድ ባልንጀራው ጋር ትንሽ የጫማ ሱቅ ከፈተ። ሱቁ በሁለተኛው ዓመት ተዘጋ። አባቴ ከዚያ ወዲህ በቀረው አንድ በሬ ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ያርሳል። ወንድሜ የሕንጻ ሥራ ውስጥ የቀን ሠራተኛ ሆነ፤ መጀመሪያ በዓል ቀረ፤ ቀጥሎ ስልክ ቀረ። ሁለት ልደትና ሁለት ትንሣኤ እንዲህ አለፈ። በቤታችን ስለ በሬው ማንም አያወራም፤ የወንድሜን ስም ግን አባቴ መጥራት ተወ።

ባለፈው ዓመት በጾመ ነቢያት መጀመሪያ ከግቢ ሆኜ በሌላ ሰው ስልክ ደወልሁለት። ድምፄን ሲሰማ ዝም አለ። ከዚያ «ምን ይዤ ልምጣ?» አለኝ። እኔም ሌላ ነገር አልተናገርሁም፤ ያየሁትን ብቻ ነገርሁት። እናታችን ጋቢውን በሣጥን አስቀምጣ፣ በየዓመቱ ለልደት አውጥታ ታጥበዋለች፤ አሰጥታ አጣጥፋ ትመልሰዋለች። «እስካሁን?» አለኝ። እስካሁን አልሁት።

የኑኃሚን ታሪክ ፍጻሜውን ልብ በሉ። ባዶዋን ገባሁ ያለችው ሴት ይዛ የገባችው ሩትን ነበር። ሩትም በዚያው በቤተ ልሔም እርሻ ገብስ ስትቃርም ቦዔዝ አገኛት፤ ኢዮቤድን ወለደች፤ ኢዮቤድ እሴይን፣ እሴይም ንጉሥ ዳዊትን ወለደ። ቅዱስ ማቴዎስ የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲቆጥር ሩትን በስሟ ያነሣታል (ማቴ. 1፥5)። እግዚአብሔር የልደቱን መንገድ ያስኬደው ባዶዬን ተመለስሁ ባለች ሴት ቤት በኩል ነው። ጌታም ራሱ ባለጠጋ ሲሆን ስለ እኛ ድሃ ሆነ (2ኛ ቆሮ. 8፥9)። በልደት ሌሊት ወደ ቤቱ ባዶ እጁን የሚገባ ልጅ የበዓሉን ባለቤት ይመስለዋል እንጂ በዓሉን አያዋርድም። ስለዚህ አንተ ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ የሚያስቀራችሁ ይህ ኀፍረት ከሆነ ተነሡና ሂዱ። ወላጆችም እጁን ከማየት በፊት ፊቱን እዩለት።

የእናት ስፍራ የት ነው?

በልደት ዋዜማ በገጠር ቤት ያለውን ሥራ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የገብስ ጠላው ከሳምንታት በፊት ተጠንስሷል። ድፎ ዳቦው ይጋገራል፤ ኩበቱ ይከመራል፤ ቤቱ ተጠርጎ ቄጤማ ይጎዘጎዛል። ሽንኩርቱ ይላጣል፣ ይከተፋል፣ ለሰዓታት ይቁላላል። ዶሮው ታርዶ፣ በየብልቱ ተለይቶ፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ይታጠባል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ደግሞ በጾም ነው። እናቴ ወጡን ስትሠራ አትቀምሰውም፤ የጨውን ልክ በዓይኗና በእጇ፣ የቅመሙን ልክ በመዓዛው ታውቀዋለች። ያልቀመሰችውን ወጥ ለሁላችን ታዘጋጃለች።

በአካባቢያችን ታኅሣሥ ውርጭ ነው። ሌሊት ከቤት ስትወጡ ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ ከእግራችሁ በታች ይንኮሻኮሻል። ወንዶቹ ጋቢያችንን ተከናንበን ወደ ማኅሌቱ ስንወጣ ከየቤቱ ጭስ ይታያል። ጭሱ የእናቶች ነው። መላእክትና ሰዎች በአንድነት ባመሰገኑባት ሌሊት በብዙ ቤት ያለች እናት ከምድጃ አጠገብ ናት። ልጆቿ በበዙና ከሩቅ በመጡ ቁጥር ሥራዋ ይበዛል፤ ቤተ ክርስቲያኑም ይርቃታል። ወደ ቤት መመለሳችን ለእርሷ ደስታ ነው፤ ነገር ግን የልደትን ቅዳሴ የሚያሳጣት ያው የእኛ መመለስ ይሆናል። ይህን ካሰብን በኋላ እንደ እንግዳ ለመቀመጥ አቅም ሊኖረን አይገባም።

ባለፈው ዓመት ታናሽ እኅቴ ነገሩን በግልጽ አነሣችው። «እማዬ ዘንድሮ ታስቀድሳለች፤ ሥራውን እንካፈል» አለች። ተካፈልን። አምስት ኪሎው ቀይ ሽንኩርት የእኔና የታናሽ ወንድሜ ድርሻ ሆነ። እናቴ መጀመሪያ አልወደደችም። «ዲያቆኔ፣ ጎረቤት ቢያይህ ምን ይላል?» አለችኝ። ሽንኩርት እየላጡ ማልቀስ ቀላል ስለሆነ ሁላችንም አለቀስን፤ ሳቅንም። ከሰዓት በኋላ ዶሮው ወጥ ሆኖ፣ እንቁላሉም ተቀቅሎ አለቀ። እናቴ ታጥባ፣ ነጭ ቀሚሷንና ነጠላዋን ለብሳ ከምሽቱ ወጣች። እኔ ባስታወስሁት ዘመን ሁሉ የልደትን ሌሊት በቤተ ክርስቲያን ስታድር ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነበር።

ዲያቆን ያለበት ቤት ይህን በቀላሉ ሊያስተውለው ይችላል። በየአጥቢያችን ከቤተ መቅደሱ በስተ ምሥራቅ ያለችው፣ ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅባት ትንሽ ቤት ቤተ ልሔም ትባላለች። ቤተ ልሔም ማለት የእንጀራ ቤት ማለት ነውና። እኛ ዲያቆናት በዚያች ቤት ዱቄት ስናቦካና እሳት ስናነድ ማንም ክብራችን ተነካ አይለንም፤ ቅዱስ አገልግሎት ነውና። ታዲያ በቤተ ልሔም እሳት አንዳጅ የሆነ ወንድ በእናቱ ምድጃ አጠገብ የሚያፍርበት ምክንያት ምንድን ነው? ከመቅደስ የተማርነውን አገልግሎት ወደ ማጀት ይዘን ካልገባን የተማርነው ልብስ መልበስ ብቻ ይሆናል።

ሰላምታው

ወንድሜ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ገባ። በእጁ ግማሽ ኪሎ ቡናና አንድ ፓኮ ሻማ ነበር። እናቴ አንገቱን አቅፋ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችውም። አባቴ «ደኅና መጣህ» አለው፤ ወዲያው ከብቶቹን ሊያይ ወጣ። ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም። ሽንኩርቱን ልጠን ስንጨርስም አባቴ ከበረት አልተመለሰም።

የቤታችን የንስሐ አባት ነገሩን ያውቁ ነበር። ከማኅሌቱ በፊት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከጽዱ ሥር፣ ሁለቱንም አስጠርተው አስቀመጧቸው። እኔም ለአገልግሎት ስገባ በአጠገባቸው አልፌያለሁና የሆነውን አየሁ። ብዙ ንግግር አልነበረም። ወንድሜ ተነሥቶ የአባቴን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ፤ አባቴ ጉልበቱ ላይ ሳይደርስ በትከሻው ያዘው። «በሬ ይሞታል፣ በሬ ይተካል» አለ። «እኔ ብር ጠይቄህ አላውቅም። የጠፋኸኝ አንተ ነህ። ሁለት ዓመት ሙሉ በሕይወት ይኑር አይኑር ሳላውቅ አደርሁ።» ወንድሜ አፈረ፤ ቃል አልወጣውም። ካህኑም ባረኳቸውና «በሉ፣ አሁን ግቡ» አሏቸው።

ጌታችን መባን በመሠዊያው ፊት ትቶ፣ አስቀድሞ ሄዶ ከወንድም ጋር መታረቅ እንደሚገባ አስተምሯል (ማቴ. 5፥23-24)። በቅዳሴያችንም ከፍሬ ቅዳሴው በፊት ዲያቆኑ ስለ ሰላም እንድንጸልይና እርስ በርሳችን በተቀደሰ ሰላምታ እጅ እንድንነሣሣ ያዛል። ምእመናኑም በአጠገባቸው ላለው ዝቅ ብለው እጅ ይነሣሣሉ። በዚያች ሌሊት ያን ትእዛዝ የማውጅ እኔ ነበርሁ። በመቅደስ ውስጥ ያለ ሰው ወደ ኋላ አይመለከትም፤ አባቴና ወንድሜ በወንዶች በኩል ጎን ለጎን እንደ ቆሙ፣ እናቴም በሴቶች በኩል እንዳለች ግን አውቅ ነበር። ይህ ቃል በየቅዳሴው ከአፌ ይወጣል። ለማን እንደምናገረው የቤቴን ሰዎች እያሰብሁ ያልሁት ግን በዚያች ሌሊት ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን ስነግራችሁ ሁሉ ነገር አለቀ እያልሁ አይደለም። አባቴ ዛሬም በመቀናጆ ያርሳል። ወንድሜ ዛሬም ዕዳውን አልከፈለም፤ ሥራውም አልተደላደለም። ነገር ግን በየሳምንቱ እሑድ ይደውላል። አባቴም ስሙን ይጠራል። ከቅዳሴ ተመልሰን፣ ሌሊት ጾሙ ሲፈታ፣ በአንድ መሶብ ቀረብን፤ አባቴም የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእርሱ ሰጠው። ዕርቅ ዕዳን ሁሉ በአንድ ሌሊት የሚያጠፋ አይደለም። ዕዳ ያለበት ልጅም ልጅ ሆኖ በመሶቡ ዙሪያ እንዲቀመጥ ስፍራ መስጠት ነው።

ስንመለስ የምንጠነቀቅባቸው

ከዚህ ተነሥቼ በተለይ ለእኛ ለወጣቶች ጥቂት ነገሮችን ላሳስብ።

መጀመሪያ፣ ዕውቀታችን በትር አይሁን። በግቢ ጉባኤም ሆነ በሰንበት ትምህርት ቤት ጥቂት የተማርን ሰዎች ቤት ስንገባ የአባታችንን ውዳሴ ማርያም ንባብ፣ የእናታችንን ስእለት ማረም ያምረናል። ጸሎቱን በልቡ ይዞ አርባ ዓመት ያደረሰውን አባት ስለ አንድ ጥብቅና ላልቶ በልጆቹ ፊት ማሳፈር ትምህርት አይደለም። የሚታረም ነገር ካለ ለብቻ፣ በትሕትና፣ ወይም በንስሐ አባት በኩል ይነገራል። ታናናሾቻችን ከከተማ አይተው የገናን ዛፍና ጥጥ ቢጠይቁም ከመቆጣት ይልቅ የልደትን ታሪክ መንገርና በገና ጨዋታ ሜዳ አብሯቸው መሮጥ ይበልጣል። አባቶቻችን ጨዋታውን ከእረኞቹ ደስታ ጋር አያይዘው የነገሩንም ልጆች በዓሉን በእግራቸውና በእጃቸው እንዲያውቁት ነው።

ሁለተኛ፣ ከቤተ ክርስቲያን የራቀ ወንድም ወይም እኅት ከመጣ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ጾመሃል ወይ?» አይሁን። ያልጾመ ሰው ያልጾመ መሆኑን ያውቃል። የኖላዊን ሳምንት የምናከብረው እረኛ የጠፋውን በግ ሲያገኝ በትከሻው እንደሚሸከመው እያሰብን ነው (ሉቃ. 15፥4-6)። በዚያው ምዕራፍ ያለው የጠፋው ልጅ ታላቅ ወንድም ከቤቱ አልወጣም ነበር፤ ሕጉንም አልተላለፈም። ወንድሙ ሲመለስ ግን ከግብዣው ውጪ ቆመ፤ አባቱም ወጥቶ ለመነው (ሉቃ. 15፥25-32)። እኛ በመቅደስና በጉባኤ የምናድግ ልጆች ከሁሉ ይልቅ የምንፈተነው በዚህኛው ወንድም ፈተና ነው።

ሦስተኛ፣ በመሶቡ ዙሪያ ስልካችንን እናስቀምጥ። ወላጆቻችን ዓመት ሙሉ ያጠራቀሙት ወሬ አላቸው፤ የሞተው ጎረቤት፣ የወለደችው ላም፣ የፈረሰው አጥር። እኛ የምናውቀው ዓለም ሰፊ ቢመስልም ያሳደገን ይህ ወሬ ነው። መጠጡንም በልክ እናድርገው፤ ቅዳሴውን አስቀድሶ ከቀትር በኋላ በስካር ቤተ ሰቡን የሚያስለቅስ ሰው ሌሊት የሰማውን ምስጋና ያሳንሰዋል።

አራተኛ፣ የሰበሰብነው በረከት ከአጥራችን ይውጣ። በቅርጫው ድርሻ ያልነበረው ጎረቤት፣ ልጅ የማይመጣላት ባልቴት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያለ የኔ ቢጤ በዚያ ቀን ድርሻ ይኑራቸው። ከሩቅ የመጡ ጉልበታም ልጆች ያሉበት ቤት አንዱን ልጅ ድፎ ዳቦ አስይዞ ለመላክ ምን ይከብደዋል?

መመለስ ለማትችሉ

ይህን ስታነቡ ልባችሁ የሚያዝን እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሌላዋ እኅቴ አረብ አገር ናት፤ በሰው ቤት ትሠራለች። ታኅሣሥ 29 ለእርሷ የሥራ ቀን ነው። ባለፈው ዓመት ቡና ሲፈላ ደወለች፤ አሠሪዎቿ ሳይነሡ በፊት፣ በሹክሹክታ። እናቴ ስልኩን ወደ ረከቦቱ አስጠግታ የቡናውን ድምፅ አሰማቻት። የመጀመሪያው ሲኒ በስሟ ተቀድቶ ለታናሽ እኅቴ ተሰጠ። ሩቅ ላለ ሰው ስፍራ የሚጠበቀው እንዲህ ነው፤ ስሙ ይጠራል፣ በጸሎት ይታሰባል፣ በደወለ ጊዜም ቤቱ ጸጥ ብሎ ይሰማዋል።

በግቢ የምትቀሩ ተማሪዎችም አላችሁ። መንገዱ የማያስኬዳችሁ፣ ፈተና የያዛችሁ፣ የመሳፈሪያ ገንዘብ የሌላችሁ። እመቤታችንም ጌታን የወለደችው ከኖረችበት ቤት ርቃ ነው። በአቅራቢያችሁ ወዳለው አጥቢያ ሄዳችሁ አስቀድሱ፤ ከጉባኤው ወንድሞችና እኅቶች ጋር አንድ ላይ ቅመሱ። በዩኒቨርሲቲ አካባቢ የምትኖሩ ምእመናን ደግሞ አደራ! ከቅዳሴ ስትወጡ በግቢው ብቻውን የቆመ ተማሪ ካያችሁ ወደ ቤታችሁ ጥሩት። የሌላ እናት ልጅ ነው፤ እናቱም በዚያች ሰዓት ማን ባስጠጋልኝ እያለች ነው።

የተወደዳችሁ፣ ጌታ ወደ ወገኖቹ በመጣ ጊዜ ወገኖቹ አልተቀበሉትም (ዮሐ. 1፥11)። ዛሬ እርሱን ለመቀበል ሩቅ መንገድ መሄድ አያስፈልገንም። በመሶቡ ዙሪያ ጠጋ ማለት፣ ከምድጃው አጠገብ ያለችውን እናት አሳርፎ ወደ ቅዳሴ መላክ፣ አፍሮ በደጅ የቆመውን በስሙ መጥራት በቂ ነው። በዚህ ሳምንት ስልክ ልትደውሉለት የሚገባ አንድ ሰው ትዝ ካላችሁ፣ ይህን ንባብ አቁማችሁ ደውሉለት።

በግርግም የተወለደው አምላክ የተለያዩትን ይሰብስብ፤ በስደት ያሉትን ይጠብቅ፤ በመንገድ ያሉትን በሰላም ያድርስ፤ ለአገራችን ሰላምን ይስጥ። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን። በዓለ ልደቱን በሰላምና በጤና ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።